በልጂቱ ፊት ላይ የተቀመሰ ሻይ

በ፲፱፻፲፩ ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር፣ ታላቁ ጦርነት ዘግቶት የኖረው ባሕር ተከፈተና የሻይ መርከቦች እንደ ጥንቱ ወደ ወደቡ ይገቡ ጀመር፤ የጉምሩክ ሹማምንት የክብር ልብሳቸውን ከሣጥን አውጥተው ለበሱ፤ ተሸካሞችም ሥራ ፈትቶ የከረመ ጫንቃቸውን እያሻሹ ወደ ዳርቻው ወረዱ። ሣጥኖቹ ሲራገፉ የቅጠሉ ሽታ መጋዘኖቹን አልፎ፣ የገመድ ሠሪዎቹን ሰፈር አቋርጦ፣ እስከ ላይኛው መንገድ ይደርስ ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች ዛሬ በሕይወት ቢኖሩና ሰላም ምን ይሸታል ብትሏቸው፣ ሻይ ይሸታል ይሏችሁ ነበር።

በዚያ ሽታ መካከል ቆመው ምንም ያልሸተታቸው አንድ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው የትልቁ ንግድ ቤት የቀማሾች አለቃ ናቸው፤ በዚያ ወደብ የገባ ሻይ በእሳቸው ምላስ ላይ ሳያልፍ ተሸጦ አያውቅም። ከመርከቦቹ አስቀድሞ ዓለምን ያዳረሰው ክፉ ጉንፋን ግን ወደ ቤታቸው ገብቶ ባለቤታቸውን ወሰደ፤ እሳቸውንም ትኵሳቱ በለቀቃቸው ጊዜ ማሽተትና መቅመስን ነሥቷቸው ሄደ። ይህን ምሥጢር ከእሳቸው በቀር የምታውቅ አንዲት ሴት ልጃቸው ብቻ ነበረች።

ልጂቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጨዋማ» ይላታል፤ ከትንሽነቷ ጀምራ ባበሰለች ቍጥር ጨው ስለምታበዛ አባቷ ያወጡላት ስም ነው። እናቷ ከተቀበረች በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ ለምሳ ሾርባ ሠርታ አቀረበች፤ ራሷ ብትቀምሰው ፊቷን አኰማተረች፤ አባቷ ግን ሳሕናቸውን አሟጠው፣ አመስግነው ተነሡ። ሐዘን ነው ብላ ሳሕኑን አነሣች። በማግሥቱ ሆን ብላ አንድ እፍኝ ጨው ጨመረች፤ ያንንም ጠጡት። ያን ጊዜ ገባትና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

«አባባ፣ ጣዕም ጠፍቶብዎታል አይደለም?» አለቻቸው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅሽው?»

«ሾርባዬን ሳይሰድቡ ከጠጡ ወዲህ።»

አለቃ ሳቁ፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያም ሳቁ ሳያልቅ ድምፃቸው ሰለለ።

«ሹመቱስ ይቅር፤ እኔም አርጅቻለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የእያንዳንዱን ሻይ ጣዕም እስካሁን በልቤ አስታውሰዋለሁ፤ ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን እየደበዘዘብኝ ነው። ያስተማርኳቸውን ልጆች ጦርነቱ በላቸው። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ አንቺ ተማሪልኝ፤ አለዚያ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

«ጨዋማ ሻይ ቀማሽ ሆነች ቢባል ወደቡ በሳቅ ይሞታል፣ አባባ።»

«ይሳቅ። ዘንድሮ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ በሳቅ የሞተ ግን አላየሁም።»

ትምህርቱም በንግድ ቤቱ ሰገነት ላይ ተጀመረ። ክፍሉ ሰፊ መስኮት ነበረው፤ በመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ እጀታ የሌላቸው ነጫጭ ሲኒዎች፣ ከእግሩ አጠገብ ደግሞ የናስ መትፊያ ነበር። ቀማሽ ሻዩን በማንኪያ ያነሣና ከአየር ጋር በኃይል ፉት ይለዋል፤ ምላሱን ሁሉ ካዳረሰው በኋላ ይተፋዋል። ልጂቱ ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ እናቷ «የጨዋ ልጅ ስትጠጣ ጎረቤት አይሰማም» እያለች ነው ያሳደገቻት፤ ስለዚህ ማንኪያውን በከንፈሯ ጫፍ ብቻ ነካ እያደረገች ታስቀምጠዋለች።

«ምነው ልጄ፣ ድመት እንኳ ወተት ስትልስ ከዚህ ይበልጥ ድምፅ አላት» ይሏታል አባቷ፤ ራሳቸው ፉት ብለው ያሳዩአታል፤ ለእሳቸው ግን ሙቅ ውሃ ብቻ ነው።

በዚያ ቤት ሻይ የሚጠራው በሣጥኑ ላይ በታተመው ስም አልነበረም፤ ቀማሾቹ በዘመድ ስም ይጠሩት ነበር። መግቢያው ለስልሶ ጉሮሮ ሲደርስ የሚነክሰው «አማት» ነው፤ በመጀመሪያው ውሃ ዐይነ አፋር ሆኖ በሁለተኛው አንደበቱ የሚፈታው «ሙሽራ»፤ ጭስ ጭስ የሚለው «ትምባሆ ጠጪው አጎት»፤ መልኩ አምሮ ሙቀት የሌለው ደግሞ «የእንጀራ እናት»።

«አባባ፣ ይኸኛው አማት ነው ወይስ ሙሽራ?»

«እኔ ምኑን አውቄው፤ የእኔ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። አፍሽ ሲገባ ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ አቀፈኝ።»

«ኋላስ?»

«ኋላ ሾርባዬን ሰደበብኝ።»

«እንግዲያው አማት ናት» አሉና ሲኒውን ወደ ቦታው መለሱት።

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ፤ አለቃም የማይቀምሱትን በዐይናቸው ይከተሉት ጀመር። ልጂቱ ፉት ስትል ግንባሯ የት ላይ እንደሚቋጠር፣ ጉሮሮዋ መቼ እንደሚንቀሳቀስ፣ ዐይኗ ለየትኛው እንደሚጨፈን ያያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ቃል ሳትናገር «ሙሽራ» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በሕይወታቸው ብዙ ሻይ ቀምሰዋል፤ እንደዚያ ወራት ግን ሻይ ወደው አያውቁም ነበር።

መርከቦቹ ያመጡት ሻይ ለሽያጭ የሚመረጥበት ቀን ደርሶ የንግድ ቤቱ ሹም ከሻይ ገዢዎቻቸው ጋር ወደ ሰገነቱ ሲወጡ አለቃ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ክቡር ሹም፣ በሽታው ምላሴን ወስዶታል። የማውቀውን ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ዛሬ የምትቀምሰው እርሷ ናት። ካልተስማማዎት ወንበሩን ለሌላ ይስጡት።»

«ጨዋማን ነው የሚሉኝ፣ አለቃ?» አሉ ሹሙ፤ ገዢዎቹም ሳቁ።

ሹሙ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉ ሰው ነበሩና የመጋዘኑን ጠባቂ ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ እርሱም ወርዶ ተመለሰና በረድፉ መጨረሻ ሌላ ሲኒ ጨመረ።

ልጂቱ ማንኪያዋን አነሣች፤ የመጀመሪያውን ፉት ስትል ድምፁ ደረጃው ድረስ ተሰማ።

«ይቺ አማት ናት» አለች፤ ከዚያ በማን ፊት እንደ ቆመች ትዝ ሲላት ፊቷ ፍም መሰለ።

«እስቲ አስረጂኝ» አሉ ሹሙ፤ አማታቸውን በቤታቸው የሚጦሩ ሰው ነበሩ።

«መግቢያዋ ለስላሳ ነው፣ ጌታዬ። ንክሻዋ የሚሰማዎት ከሄደች በኋላ ነው።»

«የእኔዋስ አትሄድም» አሉ ሹሙ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ያሉትንም አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ ገዢዎቹም መሳቃቸውን ትተው ያዳምጡ ጀመር።

የመጨረሻውን ሲኒ ፉት አለችና መትፋት አቃታት፤ ዋጠችው። በዚያ ሲኒ የተቀዳው ከመጋዘኑ ወለል የተጠረገ፣ የገመድ ቅጥራን የነካው ብናኝ ነበር፤ ዳሩ ግን የቀማሾች ቤተ ሰብ መልካሙን ቅጠል ለንግዱ እየተወ ጥራጊውን ይጠጣ ነበርና፣ እናቷ ማለዳ ማለዳ ስታፈላላቸው የኖረችው ሻይ ይኸው ነው። አለቃ ፊቷን አዩ፤ ያን ፊት ከዚያ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ዘንድ አይተውት አያውቁም፤ ማለዳ ማለዳ በቤታቸው ማዕድ ግን ያውቁታል።

«የእናትሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎን፣ አባባ።»

«እህስ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ ሹሙ።

ልጂቱ መልካም ነው ለማለት ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ወደ አባቷ ብታይ እሳቸውም ዐይናቸው እንባ አቅሮ፣ ራሳቸውን ግን በእንቢታ ነቀነቁባት።

«የወለል ጥራጊ ነው፣ ጌታዬ፤ ቅጥራን ነክቶታል» አለች፤ ማንኪያዋንም አስቀመጠች። «ለማንም አይሸጥም።»

ሹሙ ጠባቂውን አይተው ፈገግ አሉ። «ወንበሩ የአንቺ ነው» አሏት።

ሰዎቹ ሲወርዱ አለቃ ያን ሲኒ ወደ ራሳቸው ሳቡትና የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ አተላው ጠጡት።

«ምን ምን ይላል?» አሏት።

«ቅጥራን ይላል፤ ትንሽም አቧራ አቧራ።»

«አይጣፍጥም?»

«አይጣፍጥም፣ አባባ። የሚያጣፍጠው እማዬ ስታቀርበው ነበር።»

አለቃ ባዶውን ሲኒ በእጃቸው እንደ ያዙ እስኪመሽ ተቀመጡ፤ ልጂቱም አጠገባቸው ተቀመጠች።

የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች የሰላሙን ውል፣ የገቡትን መርከቦችና የሹማምንቱን ማዕረግ አሳምረው ጽፈዋል፤ በጉንፋኑ የሞቱትንም በግምትም ቢሆን ቈጥረዋቸዋል። ከሞት ተርፎ በየማዕዱ እየተቀመጠ የሚበላው ነገር ጣዕሙ የማይታወቀው፣ የሟች ሚስቱንም ሻይ በልጁ ፊት ላይ ሲፈልግ የኖረ ሰው ግን ከሞቱትም ከዳኑትም ጋር አልተቈጠረም።