ስድሳ ሁለት ከመቶ

አቶ ሀብታሙ ጂንካ ውስጥ አናጢ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ በቀጠሮው ቀን ያላስረከቡት አንድ ቁምሳጥን የለም። ስለዚህ ሚልክያስ ሁለተኛ ልጃቸውን ኤፍራታን እንዲድሩለት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ የጠየቁት ስለ ዘሩም ስለ ንብረቱም አልነበረም።

«የትልቋን ልጄን የቤቲን ሰርግ የቀረጸው ይሄ ልጅ አይደለም?» አሉ።

«እሱ ነው እንጂ!» አሉ የሚልክያስ አጎት አቶ ተፈሪ፣ ኮራ ብለው።

«ሰርጉ አምና ጥር ላይ ነበር። ሙሽራዋ ወልዳለች፤ ቪዲዮው ግን እስካሁን የለም። የሰው ሰርግ መጨረስ ያቃተው የራሱን ምን ብሎ ይጀምራል? የፊታችን እሑድ ቪዲዮውን ይዛችሁ ኑ። ያለዚያ እግራችሁን አታድክሙ።»

ከጓዳ ሆና የምታዳምጠው ኤፍራታ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ። አባቷ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ኤፍራታ ለጂንካ ቅርብ በሆነችው በገዘር ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ከሚኒባስ እንደወረደች ቤት እንኳ ሳትደርስ በቀጥታ ወደ ሚልክያስ ስቱዲዮ ሄደች።

«ዛሬስ?»

«ያው ነው» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ያለቀውን ቪዲዮ ላወጣ ስል ስድሳ ሁለት ከመቶ ይደርስና ‹ኤክስፖርት አልተሳካም› ይለኛል። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ዲስኩን አጸዳሁ፣ ሚሞሪ ጨመርኩ፣ አርባ ምንጭ ድረስ ወስጄ አሳየሁ። ድግምት ነው እንዴ?»

«ሁልጊዜ ስድሳ ሁለት ላይ?»

«አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? ጥፋቱ ፊልሙ ውስጥ ነው። ተነስልኝ።»

«ተዪው ኤፍዬ፣ እኔ ራሴ...»

ፊቱ ተለዋወጠ። ላግዝህ ባለችው ቁጥር እንዲህ ይሆናል። ዛሬ ግን ልቧ ክፉ ጠረጠረ፤ የሚደብቃት ሌላ ሴት ያለች መሰላት። ገፋ አድርጋው ተቀመጠች።

አባቷ ጣውላ ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅ ሲፈልጉ ከጫፍ ጀምረው ያንኳኳሉ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። እሷም ፊልሙን ቆራርጣ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ኬኩ ወጣ። የዘመድ ምርቃቱም ወጣ። ምሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ምሳውን ደግሞ ትዕይንት በትዕይንት ለየችው፤ በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ቀረች። ከፈተቻት።

ሴትየዋ ራሷ ኤፍራታ ናት። ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሳህን ተሸክማ በካሜራው ፊት ታልፋለች፤ ዘወር ብላ ታያለች። ያቺን የአራት ሰከንድ እይታ ሚልክያስ አዘግይቷታል፤ የዘገየችውን እንደገና አዘግይቷታል፤ ስድስት ጊዜ ደራርቦ አራት ደቂቃ አድርሷታል። ኮምፒውተሩ እዚያ ሲደርስ ሸክሙ ይከብደውና ቁጭ ይላል።

ቀና ብላ አየችው። ሚልክያስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ በቀስታ። «ላጠፋት ስል ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ያን ቀን እኮ ስምሽን እንኳ አላውቅም ነበር። ከዚያች እይታ በቀር ምን ነበረኝ?»

«እና አሁን እኔን በእኔ ምክንያት ልታጣኝ ነው?»

አንገቱን ደፋ። የኤፍራታን አንጀት በላ።

«አታጥፋት» አለችው። «እንደነበረች መልሳት፤ አራት ሰከንድ ይበቃታል። የቀረውን እኔ ራሴ እያየሁህ እሞላዋለሁ። ደግሞ ያን ቀን በካሜራህ ፊት ሦስቴ የተመላለስኩት ሳህን ጎድሎ መሰለህ?»

«አውቀሽ ነው?»

«አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታይ?»

የደረበውን በገዛ እጁ አንድ በአንድ ገፈፈ። ከዚያ ሙሉውን ፊልም አስጀመሩትና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስድሳ። ስድሳ አንድ። ስድሳ ሁለት ላይ ሲደርስ እጁን ያዘችው። ቁጥሩ ቆመ። መብራት እንዳይሄድም ፈሩ።

«ስድሳ ሦስት!»

ሚልክያስ ሲጮህ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ዘሎ ወጣ። ምን እንደሆነ ባይገባውም አብሯቸው አጨበጨበ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ሀብታሙ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ከወንበራቸው ሳይነሱ አዩ። ምሳው ላይ ባለ ሐምራዊ ቀሚሷ አለፈች፤ ዘወር ብላ አየች። ሪሞቱን አንስተው መለሷትና እንደገና አዩዋት። ልጃቸው ያየችው ካሜራውን ሳይሆን ከኋላው የቆመውን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሥራው ንጹሕ ነው። መጋጠሚያው አይታይም» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እናቷ ወይዘሮ ዘሪቱ ከጓዳ እልልታውን አቀለጡት።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም!» አሉ አቶ ሀብታሙ እጃቸውን አንስተው። «የዚህኛውን ሰርግ ግን ሌላ ሰው ይቅረጸው። እሱ ከቀረጸው እኔ ሳላየው እሞታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኤፍራታ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ሮጠች። ሚልክያስ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

«ምን አሉ? ኤፍዬ፣ ምን አሉ?»

«ካሜራህን ለሰው አውስ» አለችው፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቅሎ። «በሰርጋችን ቀን የምትታየው አንተ ነህ!»