የሙሴ ላካስ ቅጣት

«ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው» አለች ታይስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ««መኪና አንሱ» የሚለው የበረዶ ጠራጊዎቹ ሳይረን ማታ ሲጮህ መኪናቸውን ሊያነሱ ወጡ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ፖሊስ መጣና ሰዓት እላፊ ጥሰዋል ብሎ ቀጣቸው። ወረቀቱን ይዘው በረዶ ውስጥ ቆመው ቀሩ።»

ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት የክፍል ልጆች ወደ ካሜራቸው ጠጋ አሉ። ሁልጊዜ ካሜራውን ወደ ጣሪያ አዙሮ የሚተኛው ልጅ እንኳን ያን ቀን ፊቱን አሳየ። ኮራሊ ብቻ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። በክፍሉ ክርክር፣ በወረርሽኙ ምክንያት የታወጀው «ሰዓት እላፊው ይቀጥል» በሚለው ወገን ተመድባ ስለነበር መልስ መስጠት የእሷ ተራ ነበር። ደግሞም የታይስ ታሪክ ውሸት መሆኑን ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

የታሪኩ ሽማግሌ ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ላካስ የሚኖሩት ከሁለቱ ልጆች ጋር አንድ ቤት ነው፤ ቬርደን ሰፈር ውስጥ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት። ሙሴ ላካስ ታች፣ የኮራሊ ቤተሰብ መሃል፣ የታይስ ቤተሰብ ደግሞ ላይ። ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት ሳይረኑ ሲጮህ ኮራሊ በመስኮት እያየች ነበር። የሽማግሌው መኪና በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ጎማው በከንቱ ሲሽከረከር የፖሊስ መኪና አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። የወረደችው ፖሊስ ግን ወረቀት አላወጣችም። ጓንቷን አጥልቃ፣ ትከሻዋን ከኋላ አስደግፋ መኪናውን ገፋችላቸው። ሙሴ ላካስም ቆባቸውን አንስተው አመሰገኗት። በማግስቱ ይህን እየሳቀች ለታይስ የነገረቻት ራሷ ኮራሊ ነበረች።

«ኮራሊ፣ መልስ አለሽ?» አሉ መምህርቷ ማዳም ዱሮሼ።

ኮራሊ የጓደኛዋን ፊት አየች። ታይስ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች።

«የለኝም» አለች።

ክፍሉ ድምፅ ሰጠ፤ ታይስ በሰፊው አሸነፈች። ማዳም ዱሮሼ ግን በዚያ አላበቁም። ሐሙስ ምሽት የሰፈሩ ምክር ቤት ስለ ሰዓት እላፊው የነዋሪውን ሐሳብ በቪዲዮ ይሰማል፤ ከትምህርት ቤቱም ሁለት ተማሪ እንዲናገር ተጠይቋል። ታይስ ተቃውማ፣ ኮራሊ ደግፋ እንዲናገሩ መዘገቧቸው። «ታይስ፣ ይህን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማው ይገባል» አሉ።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ልጆች የውጪው ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ ተገናኙ፤ ማስካቸውን አድርገው፣ ታይስ ከላይ፣ ኮራሊ ከታች።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ?» አለች ኮራሊ።

«ክርክር እኮ ነው ባክሽ። ትንሽ ቅመም ይጨመርበታል።»

«ቅመም? ድስቱን ራሱን ነው የፈጠርሽው።»

«ሊደርስባቸው ይችል ነበር። ሌላ ሰው ላይ ደርሷል። ደሞ ሙሴ ላካስ ኢንተርኔት የላቸውም፤ በምን ይሰማሉ?»

«ስብሰባው ላይ ልትደግሚው ነው?»

«አንቺን ያንገበገበሽ መሸነፍሽ ነው» አለች ታይስና ወደ ቤቷ ገባች። ኮራሊ ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀረች። ነገሩ ግማሹ እውነት ስለነበር ነው ያመማት።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የታይስ ውሸት ግን እያደር ነበር የከበደው። አንዱ የክፍል ልጅ ለእናቱ ነገረ፤ እናቱም ወተት ልትገዛ ስትሄድ ለባለሱቁ ለሙሴ ፋም ነገረች። ሙሴ ፋም ደግሞ ሲያዝን ዝም ብሎ የሚያዝን ሰው አይደለም። መክፈያው ጠረጴዛ ላይ ባዶ የማር ጠርሙስ አስቀምጦ «ለሙሴ ላካስ ቅጣት መክፈያ» ብሎ ለጠፈበት። ጠርሙሱ በሳንቲም ሲሞላ የሽማግሌው በር ላይ ደግሞ ጎረቤት የጋገረው ፓይ፣ ውስጡ የተሞላ ቂጣ፣ መደርደር ጀመረ። አንዱ የስጋ፣ አንዱ የስኳር፣ አንዱ ምን እንደሆነ ያልታወቀ።

ረቡዕ ማታ ኮራሊ እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ያን ክረምት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳትፈታ ሶፋው ላይ ትወድቅ ነበር።

«እማ፣ ሰዓት እላፊው ግን ይጠቅማል?»

«እሱን እንጃ። እኔ የማውቀው በዚህ ሳምንት አንድም ሰው አልሞተብንም። ከሰዓት እላፊው ይሁን ከምን፣ አላውቅም፤ ብቻ ትናንት ተኛሁ፣ ልጄ። እውነተኛ እንቅልፍ።» ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ጨመረች፤ «የከፋው ሰውም ከፋኝ ይበል። ዝም በሉ ማለት ደግሞ አልወድም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሴ ላካስ ከደረጃው ግርጌ በረዶ ሲጠርጉ ኮራሊን አዩዋት። መጥረጊያቸውን አቆሙ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። እኔ መቼ ነው የተቀጣሁት?»

ኮራሊ ጥቂት ጠጋ ብላ ቆመች።

«ሱቅ ስሄድ ፋም የወተት ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። አይዞዎት ብሎ ትከሻዬን ሊነካ ሲል ርቀቱን አስታውሶ ተወው። በሬ ላይ ደግሞ ዳቦ ቤት የከፈትኩ ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ የማንም ምጽዋት በልቼ አላውቅም፤ ሕግም ጥሼ አላውቅም። ዛሬ ማታ ስብሰባው ላይ በስልክ መናገር ይቻላል ብሎኛል ፋም። ወሬውን የነዛውን ሰው በስሙ ነው የምጠራው።»

«ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ከትምህርት ቤት ነው የመጣው አሉ። እስከ ማታ አጣራለሁ።»

ኮራሊ ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር። ዝም ካለች ታይስ ታሪኩን ትናገራለች፤ ሽማግሌው ይደውላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ታይስ ትዋረዳለች፤ ኮራሊም ታሸንፋለች። ይህ ሐሳብ ለአፍታ ደስ አሰኛት። ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈራትና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ልታንኳኳ ስትል ከበሩ ኋላ ጩኸት ሰማች። የታይስ አባት አንድ ነገር አለ፤ እናቷ ከእሱ አብልጣ ጮኸች፤ አንድ ነገር ወደቀ። ታይስ በሩን ከፍታ ወጣችና ከኋላዋ ዘጋችው። ጩኸቱ ግን አልተዘጋም።

«ሰማሽ አይደል?» አለች።

«እኔ... ቤት ሆኜ ስሰማው ቴሌቪዥን ይመስለኝ ነበር።»

«ቴሌቪዥንማ ይጠፋል።» ታይስ ጃኬት እንኳን አልደረበችም። «ድሮ ሲጀምሩ እወጣና ወንዙ ዳር ዳር እሄዳለሁ። ሲደክማቸው እመለሳለሁ። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የት ልሂድ?»

«ለምን ይሄን አልተናገርሽም?»

«ለክፍሉ ሁሉ? ወላጆቼ ሲጯጯሁ ያድራሉ ብዬ? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?»

ኮራሊ አሰበች። «አልልም።»

«ስለዚህ ሽማግሌውን ተዋስኩ።»

ያኔ ኮራሊ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ፓዩ፣ ስለ ስልኩም ነገረቻት። ታይስ ፊቷ አመድ መሰለ፤ የደረጃውን ብረት ያዘች።

«በቃ አልቆልኛል።»

«አላለቀልሽም። ስብሰባው ላይ፣ ማታ ውጪ መውጣት የሚያስፈልገው ሰው አለ በይ። ለምን እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብሽም። መጀመሪያ ግን እሳቸው ጋ እንውረድ።»

«እንውረድ?»

«አዎ፣ አብሬሽ ነኝ።»

ሙሴ ላካስ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ መጥረጊያቸው ላይ ተደግፈው። ታይስ ስትጨርስ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አቆሙት።

«ለምን እኔን?»

«ሰው ያዝንልዎታል ብዬ ነው» አለች ታይስ፤ እንባዋ ማስኳን እያራሰው።

«እኔ የሚታዘንልኝ ሰው እመስላለሁ?» አሉ፣ ከቁጣ ይልቅ ተገርመው። «ማታ አንቺ ተናገሪ። ካልተናገርሽ እኔ አለሁ።»

ምሽት ላይ ኮራሊ ስክሪኗ ፊት ተቀመጠች። ከሰፈሩ ሰው አንዱ ሆስፒታሎቹን ለማትረፍ ሰዓት እላፊው ግድ ነው አለ፤ ሌላው እንደ ሕፃን ተቆለፈብን ብሎ ተቆጣ። የታይስ ተራ ደረሰ።

«የጎረቤቴን ታሪክ ልናገር ነበር የተመዘገብኩት» አለች። «ታሪኩ ውሸት ነው። እሳቸው አልተቀጡም፤ እንዲያውም ፖሊሷ መኪናቸውን ገፋችላቸው። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እውነቱ አጭር ነው። ለሁሉም ሰው ቤቱ ማረፊያው አይደለም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደዚህ ያለ ሰው የት ይቁም? ጥያቄዬ ይሄው ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሕጉ የመንግሥት ስለሆነ ምክር ቤቱ ሊቀይረው አይችልም አሉ። ቤቱ የሚያሰጋው ሰው ግን ወጥቶ እርዳታ ቢጠይቅ ማንም አይከለክለውም። አየር መቀበል ብቻ ለሚፈልግም፣ የተከለከለው መንገዱ እንጂ የገዛ ቤት ደረጃና ጓሮ አይደለም።

ከዚያ በስልክ የሻከረ ድምፅ ገባ። «ላካስ ነኝ። ልጅቷ ተናግራዋለች፤ የምጨምረው የለኝም። ፓይ ግን በቃኝ። ፋምም ጠርሙሱን ያንሳልኝ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ታይስም ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ኮራሊ እፎይ አለች። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሿን ይዛ ነበር የከረመችው።

ተራዋ ሲደርስ ስለ እናቷ ሥራና ስለዚያ እንቅልፍ ተናገረች። «እኔ አሁንም ይቀጥል ባይ ነኝ» ብላ ጨረሰች። «ታይስ የጠየቀችው ግን የኔም ጥያቄ ነው።»

ስብሰባው ሲያበቃ መንገዱ ጭር ብሏል። ኮራሊ ኮምፒውተሯን እንደዘጋች ከጣሪያው በላይ ጩኸቱ ጀመረ። አሁን ቴሌቪዥን አልመሰላትም። ቦት ጫማዋን አጠለቀች፤ አካፋና ወንበር ይዛ በኋላ በር ወደ ጓሮ ወረደች፤ ለራሷ ቦታ ጠርጋ ለታይስ መልእክት ላከች። «ጓሮ ነኝ። የራስሽን ወንበር ይዘሽ ነይ።»

ከዚያ ለራሷ ከጠረገችው ቦታ ራቅ ብላ፣ ለሌላ ወንበር የሚበቃ በረዶ መዛቅ ጀመረች።