ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚጠፋ ፎልደር

የቤቱ ሰው ሁሉ «ጩጬ» ይላታል። የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች እንጂ ዕድሜዋስ ለትዳር ደርሷል። ሥራዋ የመጻሕፍት ገጽ ማቀናበር ነው፤ ጡረታ የወጡት መምህር አባቷ ደግሞ ያቀናበረችውን ያርሙላታል። እሷ ሳሎን በላፕቶፗ ትሠራለች፣ እሳቸው መኝታ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር። በሁለቱ መካከል የጋራ ፎልደር አለ። ነበረ ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ በማግስቱ «አልተገኘም» ይላል።

«አባዬ፣ እርማቱን የት አስቀመጥከው?»

«ካስቀመጥኩበት!»

«እዚያ የለማ!»

«ታዲያ እኔ በላሁት?»

አባትና ልጅ በዚህ ሰበብ ሊኳረፉ ሲደርሱ የሠፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ተጠራ። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው። በሩን የከፈተችለት ጩጬ ነበረች። እሱ ሰላምታውን ግማሽ ላይ ረሳው፤ እሷም «ግባ» ማለቱን ረሳችው። እንዲሁ ተገትረው ሲተያዩ እናትየው ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉና፣ «ምነው፣ ይሄ ሽቦ የመሰለ ልጅ በር ላይ ሊያድር ነው?» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሽቦ ሆኖ ቀረ።

ሽቦ ኮምፒውተሮቹን አገናኘ፤ ፎልደሩ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ተመልሶ መጣ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፣ ተከፈተ። እንደገና ጠፋ። እሱ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ አንዳች እንከን የለውም፤ እግሩ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

«የዚህ ልጅ እግር ነው መድኃኒቱ፤ እዚሁ ይክረም» ይላሉ እናትየው።

«ግራ ገባኝ እኮ» ይላል ሽቦ ጭንቅላቱን እያከከ።

«እኔም» ትላለች ጩጬ አጠገቡ ተቀምጣ። እሷን ግራ ያጋባት ግን ፎልደሩ ብቻ አልነበረም። አንዳንዴ ስክሪኑን ትቶ እሷን ያያል፤ ቀና ስትል ቶሎ ወደ ስክሪኑ ይመለሳል። ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ዝምታው ደስ ይላታል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ያናድዳታል።

ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ ልቧ ውስጥ ገባ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለአንድ ፎልደር ይሄን ያህል ይመላለሳል? አውቆ እያበላሸው ቢሆንስ? እሷን ለማየት ሲል? ሐሳቡ ጣፈጣት። ፎልደሩ ሲጠፋ መናደዱን ትታ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽቦ ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው የሳሎኑ ራውተር አጠገብ ተንበርክኮ ሳለ፣ ልትቀልድበት ፈለገች።

«እኔ እኮ ነቅቼብሃለሁ» አለችው።

«በምን?»

«አውቀህ ነው የምታበላሸው። ተመልሰህ እንድትመጣ።»

ሳቅ ጠብቃ ነበር። ፊቱ ግን ጠቆረ። ቀስ ብሎ ተነሳና መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው ከተተ።

«በሥራዬ አልቀልድም» አለ። «ከዚህ ቤት በወጣሁ ቁጥር አባትሽን እያፈርኩ እንደምወጣ ታውቂያለሽ? ሌላ ባለሙያ ጥሩ።»

«ኧረ ቀልዴን ነው...»

በሩ ተዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ምን ማድረግ ትችላለች? በቆመችበት ኩምሽሽ አለች።

ከዚያ ወዲያ ግራ መጋባቷ ባሰ። አውቆ ካላበላሸው፣ ይመጣ የነበረው ለሥራው ብቻ ነው ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ አስተያየት ምን ነበር? ወይስ የሌለ ነገር ስታነብ የከረመችው እሷው ናት? አባቷ «ሌላ ሰው እንጥራ» ሲሏት «ቆይ፣ አባዬ» ትላለች፤ ምን እንደምትጠብቅ ግን አታውቅም።

አንድ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄድ መነጽሯን ረሳችና ከመንገድ ተመለሰች። እናቷ የሰፏቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ሳሎን ሙሉ ከምረው ይተኩሳሉ። ካውያው የተሰካው ራውተሩ በሚሰካበት ሶኬት ላይ ነው። የራውተሩ ገመድ ወለል ላይ ተጋድሟል።

«እማዬ! እኔ በወጣሁ ቁጥር ይሄን ትነቅይዋለሽ?»

«በምን ልተኩስ ታዲያ? ስጨርስ እመልሰዋለሁ።»

«ሽቦ ሲመጣ ግን ሰክተሽው ነው የምናገኘው።»

«እንግዳ ፊት ልብስ ከምሬ ልተኩስ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነትም ማንም አልጠየቃቸውም። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሴትዮ ኮምፒውተር ያበላሻሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጩጬ ማተሚያ ቤቱን ትታ ወደ ሽቦ ሱቅ ገሰገሰች። አንድ የተፈታታ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ አገኘችው። ሲያያት ቀና አለ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። የካውያውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱም ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ጥፋቱ የኔ ነው! ራውተሩ ተነቅሎ ሲበራ ለኮምፒውተሮቹ እንደ አዲስ የአድራሻ ቁጥር ያድላል። እኔ ያገናኘኋቸው ግን በድሮ ቁጥራቸው ነው። ላፕቶፕሽ አባትሽን በድሮ አድራሻቸው ፈልጎ ሲያጣቸው ነው የከረመው። ቋሚ ቁጥር ከሰጠናቸው አለቀ።»

አለቀ ማለቱ ከፋት። ተጠግኖ ካለቀ ለእሷ ምን ቀራት?

«ይቅርታ» አለችው። «ሥራህን መንካቴ አልታወቀኝም። እውነቱን ልንገርህ? አውቀህ ብታበላሸው ደስ ይለኝ ነበር።»

ከእጁ ብሎን ወደቀ። አላነሳውም።

«አላበላሸሁም» አለ። «ግን ያን ሁሉ የነካካሁትን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ሌላ ደንበኛ ሲደውል ‹ይሄን ተጫን፣ ያን ዝጋ› ብዬ ነው የምጨርሰው። እናንተ ቤት ሲሆን እግሬ ይቀድመኛል።»

ጩጬ ፊቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

በዚያው ቀን ሽቦ ለሁለቱም ኮምፒውተሮች ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ ለካውያውም ማከፋፈያ ሰካ። ፎልደሩ በማግስቱ ተከፈተ። ሳምንቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። አባት እርማታቸው ሳይጠፋ ስለሚደርስ ያፏጫሉ። ልጃቸው ግን ፎልደሩን በየጠዋቱ የምትከፍተው ጠፍቶ እንዲቆያት እየተመኘች ነው። አይጠፋም። እግሬ ይቀድመኛል ያለው ሰው እግሩ የት ገባ? አንዴ የራውተሩን ገመድ ልትነቅል እጇ ሄደ፤ የእሱ ሥራ መሆኑን አስባ መለሰችው።

እሑድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። አባት ከፈቱ። ሽቦ ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ የመሣሪያ ቦርሳውን አልያዘም።

«ምነው ልጄ፣ ማን ጠራህ? ሁሉም እየሠራ ነው እኮ» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባባ። የተበላሸ ነገር ስለሌለ ነው የመጣሁት» አለ።

አባት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሩና «ጩጬ!» ብለው ተጣሩ፤ «እንግዳሽ መጥቷል።»