የዳርሞን ድርሻ

የዝዋምባ ደሴት ንግርት አጭር ነበረ፤ «ጉጉቷ ዝም ያለች ቀን ዘንባባው ይወድቃል» ይላል። ንጉሥ ሐርቤል በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት ጉጉቷ ዝም አለች። በላተኛ ያጣው ጥንዚዛ የዘንባባውን ልብ እየቦረቦረ ሦስት ሸለቆ አደረቀ። ከዘንባባ ፍሬ በቀር ቀለብ የማያውቀው ሕዝብ አንጋጦ ቀረ።

ሊቀ ጠበብት አልማዶር ግን አልደነገጠም። በቀርከሃ ጎጆ አንድ ቀይና አንድ ቡናማ ጉጉት ዘግቶ፣ «ቀዩ ባል፣ ቡናማዋ ሚስት ናት፤ ይራባሉ» ካለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንቁላል የሚባል አልታየም።

ምክንያቱን የሚያውቅ፣ ዘንባባ ላይ እየወጣ ፍሬና ቅጠል የሚያወርድ አንድ ሰው ነበር፤ ዳርሞን ይባላል። አልማዶር ከትምህርት ቤቱ ያባረረው በገባ በሁለተኛው ወር ነው፤ ጥፋቱ የተነበበለትን ትቶ ያየውን መናገሩ ነበር። ያየው ደግሞ ይህ ነው። ጉጉቷ ከጡጫ አትበልጥም፤ እንቁላሏን በአሮጌ ግንድ ሽንቁር ትጥላለች፤ ከሸለቆዋ አትርቅም። ቀይም ቡናማም ከአንድ ጎጆ ይፈለፈላል። ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱ በወፍራሙ «ሁ» ሲል እሷ በቀጭኑ «ሂዩ» ብላ ትመልሳለች።

«ጃንሆይ፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው» አለ ዳርሞን በአደባባይ ተንበርክኮ።

አልማዶር ሳቀ። «ፊደል ያልጨረሰ ሰው ስለ ወፍ ሊያስተምረን! አንተ ቅጠል ቆራጭ፣ ባልና ሚስት በድምፅ ይለያል እንዴ?»

«በእርስዎ ቤት እንኳ አይለይም፤ ጎረቤት የሚሰማው የእመቤቲቱን ብቻ ነው።»

አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ። ንጉሡ ግን አልሳቁም፤ «እንግዲያው ሴቷን አምጣ» አሉ።

«ሳልይዛት ብመለስ ባሕሩ አጥንቴን አይቀበለው!» ብሎ ዳርሞን ማለ።

ሴት ጉጉት ተርፋ ከሆነ በጉም ተራራ ላይ ነው። ወደዚያ ሊወስዱት የደፈሩ አሮጊቷ ቀዛፊ እማማ ሰፍናት ብቻ ነበሩ። በታንኳ ወንዙን ይዘው አራት ቀን ወጡ። ጉም የለበሰ ዘንዶ መንገድ ሲዘጋባቸው አሮጊቷ በመቅዘፊያቸው አናቱን ብለው ዳርሞንን አሳለፉት። በአምስተኛው ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ሽንቁር ካለው አሮጌ ግንድ ሥር ደረሱ። ከውስጥ ትኩስ ላባ ወድቋል።

«ወንድ ካልጠራት አትወጣም፤ መጥራት አለብኝ» አለ ዳርሞን።

«የተራራውን ሕግ ረሳኸው ልጄ? እዚህ የሌላውን ድምፅ የተዋሰ የራሱን ይከፍላል። እኔ ልጥራት፤ ከእንግዲህ ምን የምናገረው አለኝ?»

«የእርስዎ ቀጭን ነው እማማ። ሴት ለሴት አትመልስም።»

ሰፍናት መቅዘፊያቸውን ከግንዱ አስደገፉ። «በል፣ ለእናትህ የማደርስልህን ቃል ተናገርና ጥራ።»

ዳርሞን አሰበ። ደግ ቃል ሞልቶት ነበር። «ለአልማዶር ይንገሩልኝ» አለ፤ «ሁለቱም ወንድ ናቸው።»

«ወይ ቂም!» አሉ ሰፍናት አንገታቸውን እየነቀነቁ።

ጠራ። በሦስተኛው ጥሪ «ሂዩ» የሚል መልስ መጣ። ጉሙ ወርዶ እንደ ቀዝቃዛ እጅ ጉሮሮውን ዳሰሰውና ተመለሰ። ጉጉቷ ትከሻው ላይ አረፈች። «እናቴ» ሊል ከንፈሩን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

በቤተ መንግሥት ጀንበር ስትጠልቅ ቀዩ ጠራ፤ አዲሷ መለሰች። ቡናማው «ሁ» እያለ ሊገባባቸው ሲሞክር እማማ ሰፍናት ወደ አልማዶር ዞረው መልእክቱን አንድ ቃል ሳያጓድሉ አደረሱ። ሊቁ ጫማውን አየ።

«ዳርሞን፣ ሽልማትህን ተናገር!» አሉ ንጉሡ። ዳርሞን አፉን ከፍቶ ዘጋው። ይህን ጊዜ ንጉሡ ምን እንደ ከፈለ ገብቷቸው ከዙፋናቸው ተነሡ።

ጉጉቶቹ ወደ አሮጌዎቹ ግንዶች ተለቀቁ፤ ተዋልደው በዙ፤ ጥንዚዛውን ለቀሙት፤ ዘንባባውም ቆመ። አልማዶር በመዝገቡ «አንድ ቅጠል ቆራጭ ረድቶኛል» ብሎ ጻፈ፤ ብዕሩ በእጁ ነዋ።

ደሴቲቱ ግን መዝገብ አታነብም። እስከ ዛሬ በዝዋምባ ወንዱ «ሁ» ሲል ሥራ የያዘ እጁን፣ ወሬ የያዘ አፉን ይሰበስባል፤ ሴቷ እስክትመልስ ማንም አይናገርም። ያችን አጭር ዝምታ የዳርሞን ድርሻ ይሏታል።