በስምንት እጥፍ

ፖስታ የምታመጣው የጠፈር መርከብ መቼም አትቆምም። በዓመት አንድ ጊዜ በበረዷማዋ ጨረቃ አጠገብ እየከነፈች ታልፍና፣ ከአንቴናው እይታ እስክትወጣ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከምድር የያዘችውን ሁሉ በጨረር ታወርዳለች። የጨረቃዋ ሠፈር ሰው ያን ቀን ንጹሕ ልብሱን ለብሶ አዳራሽ ይሰበሰባል።

ትርንጎ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ተቀባይ ክፍሉ ውስጥ ሆና ወረፋውን የምታስይዘው እሷ ናት። ደግሞም ምድር ላይ ለእሷ መልእክት የሚልክ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

የወረፋው ደንብ «ሰው ይቅደም» ይባላል። አንድ ዓመት የማሽኖቹ የፕሮግራም ማሻሻያ ጊዜውን ሁሉ በልቶት የቤተሰብ መልእክት ሳይወርድ ቀረ፤ ሠፈሩም ሐዘን እንደ ተቀመጠ ቤት ጭጭ ብሎ ከረመ። ከዚያ በኋላ በረዶ እያቀለጡ ሠፈሩን ውሃ የሚያጠጡት ጋሽ ወርዶፋ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ የሰው ፊት፣ ቀጥሎ ብረታ ብረቱ አሉ። የተቃወመ አልነበረም።

አሁን ጋሽ ወርዶፋ ክሊኒክ ተኝተዋል። ጉበታቸው ሥራ እያቆመ ነው፤ እስከሚቀጥለው መርከብ እንደማይቆዩ ሐኪሙ ኤፍሬም አልደበቃትም። ገላ ሠሪው፣ ማለትም ከሕያው ሕዋስ የሰውን አካል የሚያትመው ማሽን፣ የሚጠብቀው ከምድር የሚመጣውን የጉበት ንድፍ ብቻ ነው። ንድፉ ስድስት መቶ ጊጋባይት ነው። አንቴናው በሰከንድ ሁለት ጊጋቢት ይቀበላል። ትርንጎ ስድስት መቶን ለሁለት አካፈለች፤ ሦስት መቶ ሰከንድ፣ አምስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ለጥንቃቄ ዐሥር ያዘችለትና በደንቡ መሠረት ከሰው መልእክት ኋላ አሰለፈችው።

መርከቧ መጣች፤ ቪዲዮዎቹ መውረድ ጀመሩ። ከአዳራሹ ሳቅና ልቅሶ ይሰማል። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ሲሆን መርከቧ የቀሪውን ወረፋ ግምት ላከች። የጉበት ንድፍ፣ አርባ ደቂቃ።

«ምን ትላለች ይቺ ደግሞ!» አለች ትርንጎ። አንቴናውን ፈተሸች፤ ደህና ነው። ኬብሉን ነቅላ ሰካች፤ ግምቱ አልተለወጠም። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን በመዳፏ መታችው።

ኤፍሬም ከክሊኒኩ ደወለ። «ማሽኑን ላሙቀው? አምስት ደቂቃ ነው ያልሽኝ አይደል?»

«ቆይ እስቲ፤ ንድፉ የተለካው በምንድን ነው?»

«በባይት ነዋ። የእኛ ማሽን መቼ ሌላ ያውቃል?»

ትርንጎ ስሌቷን መልሳ አየች። አንቴናው የሚቆጥረው በቢት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ይህን ለአዲስ መጪ ሁሉ የምታስተምረው ራሷ ናት። ለሁለት ከማካፈሏ በፊት በስምንት ማባዛት ነበረባት። ንዴቷ ከኬብሉ ተነሥቶ ወደ ራሷ ዞረ፤ በኬብሉ መናደድ ይሻል ነበር።

ቪዲዮዎቹን ቆረጠቻቸውና ንድፉን አስቀደመች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ወዲያው በሯ ተደበደበ። ገበርዲኑን የለበሰው ማዕድን ቆፋሪው ደቻሳ ነበር።

«ልጄ በሠርጓ ቀን ስትስቅ ነው የቆረጥሽብኝ» አለ። «መልሺው።»

«አልመልስም።»

«ደንብ አለ እኮ! ሰው ይቅደም ተብሏል።»

«ጋሽ ወርዶፋ ሰው አይደሉም? ሒሳቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በስምንት እጥፍ ተሳስቻለሁ። ነገ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ። አሁን ተወኝ።»

ደቻሳ ወለሉን አየ። «ድምጿ እንኳ አይመጣም?»

«ድምፅም ቦታ ይፈጃል። ጽሑፍ ብቻ ነው የሚገባው።»

ደቻሳ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። እሷም የቀሩትን መልእክቶች ወደ ጽሑፍ እንድትቀይርና እስከ መጨረሻው እንድታሳጥር መርከቧን አዘዘች። አሳጣሪው ፕሮግራም በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ልዩነት ያስከትላል።

ንድፉ መርከቧ ከእይታ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት አለቀ። ጽሑፉ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ገባ።

«ማተም ጀምሯል» አለ ኤፍሬም በስልክ። ትርንጎ እፎይ ማለት አማራት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ጽሑፉን ከፈተችው። በየስሙ ሥር ያለው ልዩነት እፍኝ አይሞላም። ለደቻሳ፣ «አባዬ፣ ጫማው ጠቦኝ በባዶ እግሬ ጨፈርኩ» ይላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማንም ስም ያልተጻፈበት፣ የሁሉም የሆነው ክፍል አለ።

«እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን፤ ስለ እኛ አታስቡ። እህል በደንብ ብሉ። ናፍቃችሁናል። መቼ ነው የምትመጡት?»

ይህችን ለማለት ነው እንዴ ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚጨርሰው ብላ ተበሳጨች። ማሽኑ የየስሙን ለየባለቤቱ ከላከ በኋላ፣ የጋራው ክፍል ለማን ይድረስ ብሎ ጠየቃት። «ለሁሉም» የሚለውን ነካች።

አዳራሹ ውስጥ የሰዉ መቀበያ በየኪሱ ጮኸ። የእሷም ኪስ ጮኸ።

ትርንጎ ለረጅም ጊዜ ድምፁን ስላልሰማችው መጀመሪያ የተበላሸ ነገር መሰላት። አውጥታ አነበበችው። እህል በደንብ ብሉ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር።

ተነሥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ደቻሳ ሳያናግራት ወንበር ገፋ አደረገላት።