ረቡዕ የተደፋው ወጥ

ኢንስፔክተር ሙጂባ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጫማ የወለቀበት እግር ነበር። ዙሌይካ ለእንግዳ በምታከራየው አፓርታማ ኩሽና ወለል ላይ ተዘርራለች። ማጅራቷ የማብሰያውን እምነበረድ ጠርዝ መትቶ ተፈንክቷል። አጠገቧ ድስት ተገልብጦ የበግ ወጥ ወለሉ ላይ ፈሷል። በመስኮቱ የሐይቁ ውሃ ይታያል፤ ለማን እንደሚያምር አይታወቅም እንጂ ያምራል።

«አዳልጧት ነው የሚሉ አሉ፤ አንቺስ?» አላት አለቃዋ ኮማንደር ባዬ።

ሙጂባ ተንበርክካ የረጋውን ወጥ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ደም አለ፤ ደርቆ ጠቁሯል።

«ወጡ አዳልጧት ቢሆን ደሙ ከላይ በሆነ ነበር። ወጡ የተደፋው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ወጥ አይደፋም፤ ሌላ ሰው ነው የደፋው።»

«እንግዳው ነዋ! ትናንት ማታ ‹ሞታ አገኘኋት› ብሎ የጮኸው እሱ፣ ክፍሉ የሱ፣ ለፖሊስ ያልተመዘገበው እሱ። በዚህ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እሱን ለመያዝ ምን ቀረሽ? ነገ ከጁምዓ ሶላት በፊት ወደ ደሴ እስር ቤት እልከዋለሁ።»

እንግዳው ሙላት ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ጦርነቱ አንድ ልጁን ወስዶበት፣ ስለቱን ይዞ ወደ ግሸን ማርያም ሲያቀና ነው ሐይቅ ከተማ ያረፈው። ሙጂባ በመስኮት ቁልቁል አየችው፤ በሁለት ፖሊሶች መካከል ጉልበቱን ታቅፎ ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዴ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የራሷ ባል ጦርነቱ ሲገባ ከውጫሌ እንደወጣ ቀርቷል። እስከ ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይደነግጣል፤ አታፍርበትም።

የዙሌይካን ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወጣትነቷን ጂዳ በሰው ቤት ጨርሳ፣ በላከችው ገንዘብ ወንድሟ ኑርዬ ይህን ፎቅ አቆመላት። እሷ በአገር ስላልነበረች የቤቱ ካርታ የወጣው በእሱ ስም ነው። አምና ስትመለስ እናት አባት የሉም፣ የልጅነት ጓደኞቿም ተበትነዋል። ምድር ቤቱን ራሷ ያዘች፤ ፎቁን ለቀን ኪራይ አዋለችው። ደንቡ እንዲህ ያለ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ያውጣ፣ ያደረውን ሁሉ ለፖሊስ ያስመዝግብ፣ ከኪራዩም ግብር ይክፈል ይላል። ከነዚህ አንዱም አልተደረገም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መልሱ «ዘመድ ነው» ነበር። እዚያ ቤት ያልታየ ዘመድ የለም፤ አንድ ሰሞን ቻይናዊ ዘመድ እንኳ አድሯል ይባላል።

ኑርዬም ከዚያው ጀመረ። «ሙላት ዘመዳችን ነው።»

ሙጂባ የእንግዳውን የአንገት ማተብ አስታወሰች። አገሩ እስላምና ክርስቲያን የሚዋለድበት ወሎ ነውና በዚህ ብቻ ሰውን ውሸታም ማለት አይቻልም።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ሱቄ። እዚህ ዝር አላልኩም።»

«ከእህትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«አላህ ይርሀማት፤ ፍቅር ነበርን። እዚችው ኩሽና እየሠራች ስንቴ አብረን በልተናል! ባለፈው ሳምንት እንኳ።»

ድስቱን አነሳችና እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ጥቁር ክር አሳየችው። «ይሄ ለምን ታሰረ?»

«እጅ እንዳያቃጥል ነዋ!»

ደላላው ሐቢብ ተራው ሲደርስ ላብ አጥምቆታል። የፈራው ግን ሬሳውን አይደለም።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው ማምጣት ብቻ ነው! ፈቃድ የለም፣ ግብር የለም... የኔ ጉዳይ አይደለም።»

«ስለ ግብሩ ገቢዎች ይጠይቅህ። እንግዳ ስታስገባ ምን ታደርጋለህ?»

«ቁልፍ እሰጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማው የት እንዳለ እነግራለሁ፤ ድስቱን አሳያለሁ።»

«ድስቱን?»

«ክር ያለው የክርስቲያን፣ የሌለው የእስላም። ሥጋ ነገር ነዋ! አንድ ቀን ከተቀላቀለ ቤቱ ስሙ ጠፋ፤ ሁለቱም ወገን ሁለተኛ አይረግጠውም።»

ቤቱን የምታጸዳው ኢንሳፍ ዓይኗ አብጦ ነበር። «ክሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማተብ ነው፤ እትዬ ዙሌይካ ‹ድስቷን ክርስትና አነሳናት› እያለች ትስቅ ነበር። አምና እንደመጣች ነው ያሰርነው።»

«በጉን ማን ሠራው?»

«እሷው፣ ከታች ለራሷ። ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ትሠራለች። ‹ሰው ቢመጣስ?› ትላለች። ማንም አይመጣም። አቅርባ፣ አይታ፣ ብቻዋን ትበላለች።»

 ሙጂባም ደሴ በተከራየችው ክፍል የባሏን ሰሐን ከመደርደሪያው አላነሳችም። ይህ ጉዳይ እንደ ሌሎቹ ጉዳዮች እንዳልሆነላት ያኔ ገባት፤ ከፋት።

ሙላትን መጨረሻ አነጋገረችው።

«ጋሼ ሙላት፣ ትናንት የት ዋሉ?»

«እስጢፋኖስ ገዳም፤ ጥግ ይዤ ስጸልይ። ከማንም አልተነጋገርኩም፤ ምስክር የለኝም ልጄ። ሲመሽ መጥቼ የተቆለፈውን በር በቁልፌ ከፈትኩ። እሷ እዚያ...» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ጠዋት ‹መንገዱ አያስፈራዎትም ወይ? ትንሽ ይቆዩ› ብላኝ ነበር። ለኪራዩ አልመሰለኝም። ሰው እንዲኖር ነው።»

በዚያው ከሰዓት ሙጂባ በባጃጅ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የፈቃድ ባለሙያው ዑበይዱላህ ዙሌይካን አልረሳትም።

«ሰኞ መጥታ ነበር። ‹ዘመድ ነው ማለት ሰለቸኝ፤ በሕጉ ልሥራ› አለች። ካርታው በወንድምሽ ስም ስለሆነ ያለ እሱ አይሆንም አልኳት።»

«ተናደደች?»

ዑበይዱላህ የነገራትን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ «ነገ ጠዋት እባክህ እዚያው ቤት ድረስ ናልኝ» አለችው።

በማግሥቱ ሁሉም ፎቁ ላይ ተሰበሰቡ። ኮማንደር ባዬ ሰዓቱን ያያል፤ ሙላትን ወደ ደሴ የምትወስደው መኪና ሞተሯ አልጠፋም።

«በሩ ተቆልፎ ነበር፤ የዙሌይካ ቁልፍ ደግሞ ከኪሷ አልወጣም» አለች ሙጂባ። «ቁልፍ ያላችሁ አራት ናችሁ፤ ጋሼ ሙላት፣ ኢንሳፍ፣ ሐቢብ፣ ኑርዬ። ከእናንተ አንዱ ዙሌይካን ገፍትሮ ጣላት። ስትሞትበት ተደናገጠ። ቆይቶ ከምድር ቤቱ የበግ ወጥ አመጣ፤ ስታበስል አዳልጧት እንዲመስል እዚህ ባገኘው ድስት ገልብጦ ደፋው። ያገኘው ድስት ግን ክር ያለበት ነው።»

«እና?» አለ ባዬ።

«ዙሌይካ እስላም ናት፤ የራሷን ሥጋ የክርስቲያን ድስት ውስጥ አትጨምርም። ጋሼ ሙላት ክርስቲያን ናቸው፤ የእስላም ሥጋ በድስታቸው አያስገቡም። ያውም በረቡዕ፣ በጾም ቀን! ለማስመሰል ቢፈልጉ እንኳ ክር የሌለው ድስት አጠገባቸው ተሰቅሏል፤ የቱ የማን እንደሆነ ሲገቡ ተነግሯቸዋል። ኢንሳፍ ክሩን ያሰረችው ናት። ሐቢብ ለመጣው ሁሉ የሚያሳየው ነው። ሦስቱ ይህን ስህተት አይሠሩም። የሠራው የክሩን ትርጉም የማያውቅ ነው።»

ወደ ኑርዬ ዞረች።

«‹እጅ እንዳያቃጥል ነው› ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። ባለፈው ሳምንት እዚህ በላሁ አልክ። ክሩ ከታሰረ ዓመት ሆነው። እህትህ ከመጣች ወዲህ ከዚህ ኩሽና አንድ ጉርሻ አልበላህም፤ በልተህ ቢሆን ታውቀው ነበር።»

 ኑርዬ ሊክድ አፉን ከፍቶ ተወው።

«ቤቴን ልትነጥቀኝ ነበር!» አለ። «አገር ሁሉ የኑርዬ ፎቅ ነው የሚለው። አንሶላ ስትቀይር መጣሁባት። ‹ቢሮ እንሂድ፣ ካርታው ላይ ያለው ስምህ...› ስትል ደሜ ፈላ። ገፋኋት። መግደል አላሰብኩም፤ ወላሂ አላሰብኩም!»

ባዬ ወደ መስኮቱ ሄዶ ለሾፌሩ ሞተሩን አጥፋ ብሎ ጮኸ። ሙላት ማተቡን ጨብጦ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ለራሱ ይሁን ለእሷ አይታወቅም።

«ዑበይዱላህ፣ ሰኞ ያለችህን ንገረው» አለች ሙጂባ።

ዑበይዱላህ ኑርዬን ማየት አልቻለም። «‹ካርታው በስሙ ይቆይ› አለችኝ። ‹ፈቃዱም በእሱ ስም ይውጣ፣ ግብሩንም በስሙ እንክፈል። እኔ እንግዳ ልቀበል። ሥራው የሁለታችን ከሆነ በየቀኑ ይመጣል፤ አብረን ምሳ እንበላለን› አለች። ይቻላል፤ የሱ ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ አልኳት። ደስ ብሏት ወጣች።»

ኑርዬ እጁ ላይ ካቴና ሲገባ እንኳ አልተሰማውም። እየዞረ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ፤ ውሸት ነው የሚል ሰው ፈልጎ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እየነገረችህ ነበር» አለች ሙጂባ። «አላስጨረስካትም።»