ለሦስት የሚካፈለው ቁጥር

«ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ዜሮ...»

ወንዴ በቁስቋም ፍርስራሽ ጥላ ሥር ቆሟል። እንደ አስጎብኚነቱ እጁን ወደ ግንቡ ዘርግቶ በቀስታ ያወራል። አጠገቡ ያለችውን ሴት የጎንደር ገበያ የሚያውቃት የጨርቅ ነጋዴዋ ሸምሲያ ብሎ ነው። በደኅንነት ማእከሉ ስሟ ጉሬዛ ነው።

«...አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አምስት፣ ሦስት። በቃ።»

ጉሬዛ ደነገጠች። የምትጠብቀው ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ነበር። ይህ ዐሥር ነው።

ወንዴ ሰርጎ የገባባቸው የመሣሪያ አዘዋዋሪዎች መልእክታቸውን የሚቆልፉት በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። ሁለቱን ያገኘ ቁልፉን ይከፍታል።

አሃዞቹን በልቧ ደመረች። አርባ ስምንት። ድምሩ ለሦስት ይካፈላል። እንግዲያው ቁጥሩም ይካፈላል።

እሷና ወንዴ ብቻ የሚያውቁት ምልክት ነበር፤ እውነተኛውን ቁጥር በሦስት ማባዛት። ትርጉሙ «መካከላችን ሦስተኛ ሰው ገብቷል» ነው።

ይህን ቀጠሮ ከሁለቱ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ማእከሉ የመደበላት ሾፌሯ ጌቾ።

«አብረን እንውጣ» አለችው በሹክሹክታ።

«ከጠፋሁ ይነቃሉ፤ ቁልፉንም ይለውጡታል። ሂጂ፣ እህቴ።»

መኪናው ውስጥ ጌቾ ወደ እሷ ዞረ። ሽጉጡ ጭኑ ላይ ነው።

«ቁጥሩን ንገሪኝ። አንቺ ብትያዢ እኔ አደርሰዋለሁ።»

ዐሥሩንም አሃዝ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ወርዶ ደወለ። በተከፈተው መስኮት ድምፁ ይሰማታል።

«ቁጥሩ የእኛ አይደለም? ሸጋ! ሴትዮዋን ልተዋት? እሺ፣ አያ። አስጎብኚውንስ?... ይወገድ? እሺ።»

ገበያው መሃል አወረዳት። ጨርቅ ተራው ውስጥ ገብታ ወደ ማእከሉ ደወለች፤ አሃዞቹንም አንድ በአንድ ጠራች።

«ለሦስት አካፍሉት!»

ከማዶ የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማት።

«829,348,951» አለ ድምፁ። «7,919 ሲባዛ በ104,729። ተከፈተ!»

«ወንዴን አውጡት! ሊገድሉት ነው!»

ዘግታ ወደ ወንዴ ደወለች። ስልኩ ተነሳ። አንድ የማታውቀው ሰው ይተነፍሳል።

በማግስቱ መሣሪያ የጫነው መኪና ሳንጃ መንገድ ላይ ተያዘ። ጌቾም ታሰረ። ወንዴን ግንቡ ሥር ሞቶ አገኙት።

ጉሬዛ ቀብሩ ላይ መቆም አልተፈቀደላትም። አዲስ ስም ተሰጥቷት ወደ አዲ አርቃይ በሚወርድ አውቶቡስ ተሳፈረች።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ።

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«የለም፣ እማማ» አለች። «የሞተብኝ ሰው የለም።»